የአርክ ፕላዝማ ጨረር ስሌት፦ ሁለት ዘዴዎች ተስማምተው ሁለቱም ለምን ተሳሳቱ?

ቦርከና ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ የምማር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ጥናቴ የኤሌክትሪክ አርክ የሚፈጥረውን ፕላዝማ በኮምፒውተር ማስላት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የቲግ ብየዳን አርክ ሠራሁ፤ 200 አምፔር፣ 10 ሚሊሜትር ርዝመት፣ አርገን ጋዝ፣ ከላይ የተንግስተን ካቶድ፣ ከታች በውኃ የሚቀዘቅዝ የመዳብ አኖድ ያለው ነው። ይህን የመረጥኩት ሹ፣ ኤተማዲና ፌንደር በ1983 ያጠኑት፣ ከዚያ ወዲህም ብዙዎች ሞዴላቸውን የሚፈትሹበት አርክ ስለሆነ ነው። ካቶዱ ሥር 21,000 ኬልቪን ያህል ስላገኘሁና ይህም ከእነርሱ ውጤት ጋር ስለተቀራረበ፣ ሞዴሉ ተፈትኖ አልፏል ብዬ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ገባሁ።

ችግሩ የመጣው እዚያ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከር ውስጥ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ሲላቀቁ በአየር ውስጥ የሚነሣውን የ3,000 አምፔር አርክ ይመለከታል። የአርኩ መሃል ከ30,000 ኬልቪን በላይ ወጣብኝ። ያነበብኳቸው ጥናቶች ግን ለእንዲህ ያለ አርክ ከ20,000 ኬልቪን ብዙ ያልራቀ ሙቀት ነው የሚሰጡት። የስሌቱን መረብ (ቦታው የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) አጠበብኩ፣ የጊዜውን እርምጃ በግማሽ ቀነስኩ፣ ለውጥ የለም። ጨረሩንም በሁለት መንገድ አስልቼዋለሁ፤ አንዱ ከሠንጠረዥ በሚነበብ የተጣራ የልቀት ኮኤፊሸንት፣ ሌላው ጨረሩን በየአቅጣጫው ከመከተል ይልቅ በአማካይ በሚያሰላው፣ ፒ-አንድ በሚባለው ዘዴ፣ ለስፔክትረሙ ሁሉ አንድ አማካይ የመምጠጥ ኮኤፊሸንት (ፕላዝማው ጨረርን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚያሳይ ቁጥር) ይዤ። ሁለቱ ተቀራራቢ ውጤት ስለሰጡኝ ስሕተቱ ከጨረሩ አይደለም ብዬ አምኛለሁ። እባካችሁ፣ የት ልፈልግ?

ጦሳ ሥር ጻፈ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ጥያቄህ ብዙ ሰው የወደቀበት ቦታ ነው። እኔ ግን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ ልጀምር። ሁለት ዘዴዎች መስማማታቸው ሁለቱም ልክ ለመሆናቸው ማስረጃ የሚሆነው፣ አንዱ የሚሳሳትበት ምክንያት ሌላውን የማይነካው እንደሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨረሩን ከጥርጣሬ ነጻ አታድርገው።

መጀመሪያ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የብየዳ አርክህን ሦስት ሚሊሜትር ሬዲየስና አሥር ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሲሊንደር አድርገህ አስበው፤ ሙቀቱም 15,000 ኬልቪን ይሁን። ይህ ነገር ፍጹም ጥቁር አካል፣ ማለትም የደረሰበትን ጨረር ሁሉ የሚውጥና በዚያው ሙቀት የሚቻለውን ያህል የሚለቅ ነገር፣ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2.87 ቢሊዮን ዋት በለቀቀ ነበር። የሲሊንደሩ ጎን ስፋት 1.9 ካሬ ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ በድምሩ 540 ኪሎ ዋት ማለት ነው። አሁን ወደ መበየጃ ማሽኑ ተመልከት፤ 200 አምፔር በ15 ቮልት ሲባዛ 3 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። አርኩ ከሚቀበለው በላይ ሊለቅ ስለማይችል፣ ከጥቁር አካል መቶኛ እጅ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ አርክ በአብዛኛው የሞገድ ርዝመት ጨረርን የሚያሳልፍ፣ በጥቂቱ ደግሞ እንደ ግድግዳ የሚዘጋ ነገር ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ የሁለት ዓይነት ባሕርይ አንድ ላይ መኖሩ ነው።

ጨረር የሚዘጋበት የትኛው ክፍል ነው? በ15,000 ኬልቪን የፕላንክ ኩርባ (የጥቁር አካል ጨረር በሞገድ ርዝመት ሲከፋፈል የሚሠራው ኩርባ) ጫፍ 193 ናኖሜትር ላይ ያርፋል፤ በ20,000 ኬልቪን ደግሞ 145 ናኖሜትር ላይ። ይህ ጥልቁ አልትራቫዮሌት ነው። የአርገን፣ የናይትሮጅንና የኦክስጅን አተሞች ከዝቅተኛው የኃይል ደረጃቸው የሚነሡባቸው ሬዞናንስ መስመሮች ያሉት በዚሁ ሰፈር ነው፤ የአርገን ሁለቱ 104.8 እና 106.7 ናኖሜትር ላይ ናቸው። አብዛኞቹ አተሞች በዚያ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ስለሚገኙ፣ ከመሃል የወጣው የዚህ መስመር ብርሃን አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሄድ በጎረቤቱ አተም ይዋጣል። ባንጻሩ የሚታየው ብርሃንና የታህታይ ቀዩ ጨረር ብዙም ሳይነካ ወጥቶ ይሄዳል።

የተጣራ የልቀት ኮኤፊሸንት የሚባለው ይህን በአንድ ቁጥር ለመጠቅለል የተዘጋጀ ነው። አውስትራሊያዊው ላውክ በ1974 እንዳቀረበው፣ ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ የፕላዝማ ሲሊንደር ወይም ሉል ይታሰብና፣ መሃሉ ላይ ከሚለቀቀው ጨረር እዚያው የሚዋጠው ተቀንሶ የሚቀረው ይመዘገባል። ሬዲየሱ ዜሮ ሲሆን ምንም አልተዋጠም ማለት ነው። ወደ አንድ ሚሊሜትር ሲያድግ ግን ቁጥሩ በአየር ውስጥ አሥር እጥፍ ያህል ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ወደ አምስት ሚሊሜትር ብትሄድ ለውጡ በጣም ያነሰ ነው። እንግዲህ አንተ የተጠቀምክበት ሠንጠረዥ የትኛው ሬዲየስ ነው?

ሐይቅ ዳር ጻፈ፦

በጦሳ ሥር ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሠንጠረዡ ላይ ያለውን መለኪያ አንብበሃል? አብዛኞቹ ሠንጠረዦች የሚሰጡት በኪዩቢክ ሜትር በአንድ ስቴራዲያን ስንት ዋት እንደሆነ ነው፤ ስቴራዲያን የአቅጣጫ ስፋት መለኪያ ሲሆን በአንድ ነጥብ ዙሪያ አራት ፓይ ያህሉ አለ። ወደ ኃይል እኩልዮሽ ሲገባ በአራት ፓይ፣ ማለትም በ12.57 መባዛት አለበት። ይህን የረሳ ሰው ጨረሩን ከአሥር እጥፍ በላይ ያሳንሰዋል፤ አርኩም የሚያቀዘቅዘው ስለሚያጣ እየጋለ ይሄዳል።

ቦርከና ጻፈ፦

እናመሰግናለን፣ ሁለታችሁንም። ሐይቅ ዳር፣ ያሉት ነገር ልክ ነበር። ኮዱ ውስጥ አራት ፓይ የለም። ሠንጠረዡ የአንድ ሚሊሜትር ሬዲየስ ነው። አስተካክዬ ሌሊቱን ሙሉ ካስኬድኩት በኋላ (መብራት ሁለት ጊዜ ቢጠፋም) የብሬከሩ አርክ መሃል ወደ 22,000 ኬልቪን ወረደ።

ሆኖም ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ይህን ያህል ስሕተት ይዤ የብየዳው አርክ እንዴት ልክ መጣ? ሁለተኛ፣ በፒ-አንድ ስሌቱ አራት ፓይ በትክክል ገብቷል፤ እርሱ ግን አሁንም ከ30,000 ኬልቪን በላይ ነው የሚሰጠው።

ጦሳ ሥር ጻፈ፦

የመጀመሪያው ቀላል ነው። በ200 አምፔር የአርገን አርክ ውስጥ ጨረር ዋናው ሙቀት አውጪ አይደለም። ካቶዱ ሥር ያለው የመግነጢስ ኃይል ጋዙን እየጎተተ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ታች ስለሚያስወነጭፈው፣ አብዛኛውን ሙቀት የሚሸከመው ይህ ፍሰት ነው። የጨረሩን ቁጥር ብታሳስተው እንኳ የመሃሉ ሙቀት ብዙ አይነቃነቅም። በ3,000 አምፔር ደረጃ ግን ጨረሩ ዋና መውጫ ስለሚሆን፣ ስሕተቱ ሁሉ በሙቀቱ ላይ ይታያል። የብየዳው አርክ ሞዴልህን ፈትኖታል፤ የጨረሩን ክፍል ግን አልፈተነውም። ይህን በመመረቂያ ጽሑፍህ ውስጥ በግልጽ እንድትጽፈው እመክርሃለሁ፤ ለሚቀጥለው ተማሪ ከትክክለኛው ውጤት ያላነሰ ጥቅም አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ የክሩ ዋና ጉዳይ ነው። ለፒ-አንድ ከተለመዱት ሁለት አማካዮች የተጠቀምከው የሮስላንድ አማካይ መሆኑን እገምታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሌላውን፣ የፕላንክ አማካይን፣ እንይ። የፕላንክ አማካይ እያንዳንዱን የሞገድ ርዝመት ጥቁር አካል እዚያ ላይ በሚለቀው ጨረር መጠን ይመዝነዋል። ስለዚህ ጥቂት እጅግ ጠንካራ የሆኑ ሬዞናንስ መስመሮች አማካዩን ይዘውት ይወጣሉ፤ የሚወጣው የመምጠጥ ኮኤፊሸንትም ትልቅ ይሆናል። ልቀቱ በድምር ልክ ነው። ጉዳቱ ያለው መምጠጡ ላይ ነው፤ ያ አማካይ ትልቅ ቢሆንም ለራሳቸው ለሬዞናንስ መስመሮቹ ከሚገባቸው መምጠጥ እጅግ ያነሰ ነው። አርኩ ውስጥ ተውጦ መቅረት የሚገባው ጨረር በነጻ ወጥቶ ይሄዳል፣ አርኩም ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ሮስላንድ አማካይ እንመለስ። እርሱ የሚመዝነው በተቃራኒው ስለሆነ ጨረር የሚያልፍባቸውን መስኮቶች ያገንናል። ኮኤፊሸንቱ በጣም ትንሽ ይሆንና፣ በዚያው መጠን ልቀቱንም ያሳንሰዋል። መጨረሻው የጋለ አርክ ነው። አንተን ያሳሳተህ እንግዲህ ይህ ነው፤ አንዱ ዘዴ አራት ፓይ ስለጎደለው፣ ሌላው ልቀቱን ስላሳነሰው፣ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ሄደው አንድ ስሕተት ላይ ተገናኙ።

መፍትሔው ስፔክትረሙን ወደ ክፍሎች መከፋፈል ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ክፍል ለአየር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ድንበሮቹን በዘፈቀደ አታስቀምጣቸው፤ የመምጠጥ ኮኤፊሸንቱ በድንገት የሚዘልባቸውን ቦታዎች ፈልግ። የናይትሮጅን አተም ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ሳለ ኤሌክትሮኑን የሚያጣው በ14.53 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ፣ 85 ናኖሜትር ላይ አንድ ዝላይ አለ፤ ኦክስጅን በ13.62 ስለሆነ 91 ናኖሜትር ላይ ሌላ አለ። ከዚያ እስከ 200 ናኖሜትር ያለውን የጠንካራ መስመሮች ሰፈር ለብቻው ያዝ። ከ200 በላይ ያለውን ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ክፈለው። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ለተከታታዩ ስፔክትረም የፕላንክ አማካይ ጥሩ ነው። ለመስመሮቹ ግን ከአርኩ ስፋት ጋር በሚመጣጠን ርቀት ውስጥ ተመልሶ የሚዋጠውን ክፍል ከአማካዩ ማውጣት አለብህ፤ አለዚያ ያው የፕላንክ አማካይ ስሕተት በትንሹ ይመለሳል።

ስለ መስመሮች አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በጋለው መሃል የኤሌክትሮኖች ብዛት ከፍተኛ ስለሆነ፣ በስታርክ ውጤት (በዙሪያው ያሉት ቻርጆች የኤሌክትሪክ መስክ መስመሩን ሲያሰፋው) መስመሩ ሰፊ ነው። በቀዝቃዛው ዳር ያለው ተመሳሳይ መስመር ጠባብ ነው። ስለዚህ ዳሩ የመስመሩን አናት ይውጠዋል፤ ክንፎቹን ግን አይደርስባቸውም። ከሬዞናንስ መስመሮች የሚያመልጠው ኃይል በአብዛኛው በክንፎቹ በኩል የሚሾልከው ነው። አማካይ የሚሠራ ሰው መስመሩን በአናቱ ብቻ ከመዘነው ይህን መውጫ ይደፍነዋል።

ሐይቅ ዳር ጻፈ፦

የጦሳ ሥርን ማብራሪያ እጅግ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ነጥብ ላይ አልስማማም። ቦርከና የሚፈልገው የአርኩን ቮልቴጅና የመሃሉን ሙቀት ከሆነ፣ የተስተካከለው የተጣራ ልቀት ኮኤፊሸንት አሁኑኑ መልሱን ሰጥቶታል። ሰባት ክፍል ያለው ፒ-አንድ ማለት ሰባት ተጨማሪ እኩልዮሾች በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ ይፈታሉ ማለት ነው። በአንድ ላፕቶፕ ለሚሠራ ተማሪ ይህ የሳምንታት ልዩነት ነው። ውጤቱ በጥቂት መቶ ኬልቪን ብቻ የሚለወጥ ከሆነ ድካሙ ይገባል?

ጦሳ ሥር ጻፈ፦

ጥያቄው የመሃሉ ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ቦርከና የሚያጠናው ግን ብሬከር ነው። በብሬከር ክፍል ውስጥ ወሳኙ ነገር ጨረሩ የፕላስቲኩን ግድግዳና የመዳቡን ኮንታክት እንዴት እንደሚመታ ነው፤ ግድግዳው በጨረር ተግጦ የሚለቀው ተን ግፊቱን ያሳድጋል፣ ጋዙንም ይለውጣል። የተጣራ ልቀት ኮኤፊሸንት ከእያንዳንዱ ነጥብ ጨረር ይወጣል ብቻ ነው የሚለው፤ ቁጥሩ መቼም ከዜሮ በታች አይወርድም። በእውነቱ ግን የአርኩ ዳር ከሚለቀው የሚውጠው ይበልጣል። የወጣው ጨረር ዳሩን አሞቀ ወይስ ግድግዳ ደረሰ ብለህ ብትጠይቀው የሚመልስልህ ነገር የለውም፤ ሲሠራም ለዚህ አልተሠራም።

ሐይቅ ዳር ስለ ድካሙ ያሉት እውነት ነው። ስለዚህ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ በተጣራው ኮኤፊሸንት ማስኬድ፣ ከዚያ በኋላ በፒ-አንድ መቀጠል ይቻላል። የተመረጡ አቅጣጫዎች ዘዴ፣ ማለትም ጨረሩን በተወሰኑ አቅጣጫዎች ለየብቻ የሚያሰላው፣ ከፒ-አንድ ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ በተለይ ጨረር በነጻ በሚያልፍባቸው ክፍሎች፣ ፒ-አንድ በሚደክምበት ቦታ ይበልጠዋል። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታን አንድ ላይ ለሚይዝ ስሌት ግን ዋጋው ከባድ ነው። በረጋው የሙቀት ካርታ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስኪደህ የግድግዳውን ቁጥር ብታነጻጽርበት ይበቃሃል።

አዝዋ ጻፈ፦

ሰላም፣ እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ደሴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎችን የምጠግን ቴክኒሻን ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

የዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከሮች መግለጫ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንደሚያገለግል ይጽፋል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት። ይህ ልዩነት ከምታወሩት ጨረር ጋር ግንኙነት አለው? ሁለተኛው፣ ያረጁ ብሬከሮችን ስፈታ የውስጥ ግድግዳው በመዳብ ጥላሸት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ስሌታችሁ ውስጥ አየር ብቻ ነው ያለው፤ መዳቡስ?

ጦሳ ሥር ጻፈ፦

አዝዋ፣ ጥያቄዎ ከብዙ ተመራማሪ ጥያቄ የተሻለ ነው። በደሴ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ፣ 75 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በኮምቦልቻ 81 ያህል። በመጠኑ አዮን በሆነ ፕላዝማ፣ ሙቀቱ ያው ሆኖ፣ የአተሞቹ ብዛት ከግፊቱ ጋር እኩል ይቀንሳል። በየሙቀቱ ስንት አተም አዮን እንደሚሆን በሚሰጠው በሳሃ እኩልዮሽ መሠረት የኤሌክትሮኖችና የአዮኖች ብዛት ብዜትም እንዲሁ። ስለዚህ የሚለቀቀው ጨረር በደሴ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ፕላዝማው ሙሉ በሙሉ አዮን በሚሆንበት ሙቀት ደግሞ በግፊቱ ካሬ ስለሚሄድ 56 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ሆኖም ብሬከሩ ሲቋረጥ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ግፊቱ ስለሚያድግ የመነሻው ልዩነት በከፊል ይጠፋል። የ2,000 ሜትሩ ገደብ ዋና ምክንያትም ጨረሩ አይደለም፤ የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስና ብሬከሩ በዘወትር ሥራው ላይ ሙቀት በደንብ ስለማይወጣለት ነው።

ቦርከና፣ ይህ ነገር አንተንም ይመለከታል። የብየዳህ አርክ ክፍት ነው፤ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ውስጥ ብትለካው በ81 ኪሎ ፓስካል ነው የምትለካው። ሠንጠረዥህ ግን የአንድ አትሞስፌር ነው።

መዳቡን በተመለከተ ትክክል ብለዋል፤ ሊዘለል የማይችል ጉዳይ ነው። የመዳብ አተም ኤሌክትሮኑን የሚያጣው በ7.73 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ከናይትሮጅን በግማሽ ያህል ይቀላል፤ የሚለቃቸው መስመሮችም ብዙዎች ናቸው። ከ10,000 ኬልቪን በታች ጥቂት በመቶ የመዳብ ተን ብቻ የጨረሩን መጠን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። ኮንታክት ሲላቀቅ ብልጭታው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ከ510 እስከ 522 ናኖሜትር ባሉት የመዳብ መስመሮች ምክንያት ነው። ሬዞናንስ መስመሮቹ ደግሞ 324.7 እና 327.4 ናኖሜትር ላይ ስለሆኑ፣ አየር ብቻ በነበረበት ጊዜ ክፍት የነበረው የስፔክትረም መስኮት በከፊል ይዘጋል። ስለዚህ የክፍሎቹ ድንበር ራሱ እንደገና መታየት አለበት።

ሐይቅ ዳር ጻፈ፦

ስለ ግድግዳው የተባለውን ተቀብያለሁ። እኔ ወጣቶችን ብየዳ የማሠለጥን ሰው ነኝ፤ ይኸው ነገር በእኔም ሙያ እንዳለ አሁን አስተዋልኩ። ተማሪዎቼን ማታ ዓይናቸውን አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆጠቁጣቸው፣ ማስክ ሳያደርጉ አጠገብ ቆመው ሲያዩ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ከ200 እስከ 315 ናኖሜትር ያለው ጨረር ነው። ከዚያ በታች ያለውን የአየሩ ኦክስጅን ራሱ ይውጠዋል፤ በቲግ ብየዳ ጊዜ የምንሸተው ኦዞን የሚወለደው በዚሁ ነው። አርኩ በድምሩ ስንት ዋት ለቀቀ የሚል አንድ ቁጥር ስለ ተማሪዎቼ ዓይን ምንም አይነግረኝም። በሞገድ ርዝመት የተከፋፈለው ስሌት ግን ይነግረኛል። ቦርከና፣ የክፍሎቹን ድንበር ስታወጣ 200 እና 315 ላይ አንድ አንድ ብታደርግልኝ እጠቀምበታለሁ።

ቦርከና ጻፈ፦

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ስድስት ክፍል አደረግኩ፤ ሐይቅ ዳር የጠየቁትን ሁለት ድንበር ጨምሬያለሁ። ገና መዳብ የለውም፣ አየር ብቻ ነው። የመሃሉ ሙቀት ከተስተካከለው የተጣራ ኮኤፊሸንት ውጤት ጋር በ1,000 ኬልቪን ውስጥ ተገናኘ፤ በዚህ በኩል ሐይቅ ዳር ያሉት ልክ ነበር። ዳሩ ላይ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። ከ200 ናኖሜትር በታች ካለው ጨረር አብዛኛው በቀዝቃዛው ዳር ተውጦ የአርኩን ወሰን አስፍቶታል፤ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው ከ200 በላይ ያለው ነው። በመጀመሪያው ዘዴዬ ይህ ልዩነት በጭራሽ አይታይም ነበር።

ጋሽ ጦሳ፣ የብየዳውንም ስሌት በ81 ኪሎ ፓስካል እንደገና ጀምሬዋለሁ። አሁን የቀረኝ መዳቡ ነው። አዝዋ፣ ከፈቷቸው ያረጁ ብሬከሮች ውስጥ የአንዱን የአርክ ክፍል ርዝመት፣ ስፋትና የኮንታክቶቹን ርቀት በካሊፐር ለክተው ቢልኩልኝ፣ ስሌቱን በመጽሐፍ ላይ ባለ ሣጥን ሳይሆን እዚህ ደሴ በሠራ ዕቃ ላይ አደርገዋለሁ።

አዝዋ ጻፈ፦

ሦስት አሉኝ። ኮንታክታቸው የተበላውንና ግድግዳው የተገጠበውን ውፍረት ጭምር ለክቼ ቅዳሜ እልካለሁ።